ዴዴሳን የተሻገረው የወፍጮ ድንጋይ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አንዱንም አልረሳሁም።

ከዴዴሳ ማዶ ባለችው ትንሽ ከተማችን የሞተር ወፍጮ አልነበረም። ሴቱ ሁሉ በእጁ ነበር የሚፈጨው። እኔ የነቀምቴውን ቤቴን ሽጬ ወፍጮ ገዛሁ። "ሴት ብቻዋን ወፍጮ ቤት ልትከፍት!" ብለው ስቀውብኛል። ሞተሩ ተፈታትቶ በደህና ተሻገረ። የቀረው ድንጋዩ ነበር። እሱ ወንዝ ከገባ አለቀልኝ፤ ሌላ የምሸጠው የለኝም።

በእኛ በኩል ድልድይ የለም። የሚያሻግሩን ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከግንድ በተቦረቦሩ ሁለት ጀልባዎቻቸው። ድንጋዩን ዞር ዞር ብለው አዩና "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ጀልባ ላይ አይጫንም። ውሃው ራሱ ይሸከመው" አሉኝ።

ተናደድኩ። "ድንጋይ ሲንሳፈፍ የት አይተዋል?" አልኳቸው። ያኔ የከተማ ሰው ነኝ ባይ ነበርኩ። በግድ አስጫንኩት። ጀልባው ከዳር ሳይርቅ በአንድ ጎኑ አጋደለ፣ ውሃም ገባበት። ሰዎች ዘለው ባይደግፉት ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ ድንጋዩን አስወረዱ። ሁለቱን ጀልባዎች መሀል ለመሀል ክፍተት ትተው በወፋፍራም አግዳሚ እንጨት አያያዟቸው። ከዚያ ድንጋዩን በጠፍር አስረው ከአግዳሚዎቹ ላይ ወደ ውሃው ውስጥ አንጠለጠሉት። በዓይኔ እያየሁት ጠፋ። ጮህኩ።

"ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" አሉኝ። "ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይቀልላል። አባቴም ከባድ ዕቃ የሚያሻግረው እንዲህ ነበር።"

አብሬ ተሳፈርኩ። ጠፍሩን በሁለት እጄ ጨብጬ "ዋቀዮ፣ ዋቀዮ" እያልኩ ፈጣሪን እየተማጸንኩ ሄድኩ። ጀልባዎቹ ብዙም አልሰመጡም። መሀል ወንዝ ላይ ሞገዱ ገፋን፣ ጠፍሩ ሲጢጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጀልባዎቹ ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ጠፍሩም በእጄ ላይ ረገበ።

"ተበጠሰ!" አልኩ።

ኦቦ ዋቅጅራ ሳቁብኝ። ድንጋዩ የማዶውን አሸዋ ነክቶ ኖሯል።

በሬዎች ተጠምደው ጎተቱት። ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ ሲል ዳር የቆሙት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እኔም የሽማግሌውን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ዛሬም ይህን ሳወራ ድምፄ ይጮኻል። ልጆቼ "ቀስ በይ እንጂ እማዬ" ይሉኛል። አልልም! ድንጋይ ይዤ ዴዴሳን የተሻገርኩ ሴት ነኝ።