አዴ ኩሌ የጠየቁት ስጦታ

ባለፈው ሳምንት በነቀምቴ ገበያ ዳር ሳልፍ አንድ አናጺ ጥድ ሲልግ አየሁ። መላጊያው በተገፋ ቁጥር እርጥብ የእንጨት ሽታ ይነሳል። ታኅሣሥ ስለገባ ከጎኑ ያለው ሱቅ የፕላስቲክ የገና ዛፍና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ደርድሯል። እኔን ግን ያቆመኝ ሽታው ነበር። ጨለለቂ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ አዴ ኩሌ ይዞኝ ሄደ።

አዴ ኩሌ ከአርጆ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ባልቴት ነበሩ፤ አዴ የምንላቸው እናት ለማለት ነው። ረጅምና ቀጭን፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ሻሻቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። ቅቤ ስለሚነግዱ ከሳቸው በፊት ሽታቸው ይገባል። በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ከገና በፊት ባሉት አራት ሳምንታት፣ አድቬንት በምንለው የመጠበቂያ ጊዜ፣ በየእሑዱ አንድ ሻማ እየተጨመረ ይበራል። ሻማዎቹን የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት አባቴ የጭነት መኪናውን ይዞ የዴዴሳን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለውና ተገለበጠ። ከሆስፒታል ሲመለስ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሰው ደግ ነበር፤ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ያመጣልናል። እናቴን በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞሽ" ይላታል። ዕቃ በገባ ቁጥር አባቴ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል።

አዴ ኩሌ ግን ምንም ሳይዙ መጡ። "አካም ጅርቱ?" ብለው ደህንነታችንን ጠይቀው ገቡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

"ተፈራ፣ ዘንድሮ የገና ስጦታዬን የምፈልገው ካንተ ነው" አሉት።

"ምን አለኝና?" አለ አባቴ ሳይዞር።

"እጅ አለህ። ሾፌር ሳትሆን፣ ዲጋ ገጠር እያለህ፣ ካባትህ ጋር እንጨት ትጠርብ አልነበር? ሻማዎቼ በቆርቆሮ ትሪ ላይ አልቆም እያሉ ይወድቁብኛል። መቆሚያ ሥራልኝ።"

"አዴ ኩሌ፣ ይቀልዱብኛል?"

"ምን ቀልድ አለው? ስጦታዬን ነው የጠየቅሁህ።"

እናቴ ተናዳ እስከ አጥሩ ተከተለቻቸው። "እግሩን ላጣ ሰው አምጣ ይባላል?"

"ሁሉም ሰጥቶት ሄደ እኮ ልጄ" አሏት። "ከሱ የፈለገ ማን አለ?"

በማግስቱ የጥድ ግንድ ቁራጭ ላኩ። ለቀናት ማንም ሳይነካው በሩ ሥር ተቀመጠ፤ ቤቱ ጫካ ጫካ ሸተተ። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ተነስቶ ተቀምጧል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጭኑ ላይ አርፏል፤ ከቢላዋው ሥር የሚወጣው ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ይረግፋል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ብናገር የሚጠፋ ሕልም መሰለኝ።

የመጀመሪያውን መቆሚያ አዴ ኩሌ አገላብጠው አዩት። ሁላችንም "ጎሽ" እንዲሉት ጠበቅን።

"ጠማማ ነው" አሉ። "ሌላ ሥራልኝ።"

አባቴ አፍጥጦ አያቸው፤ ከዚያ ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሳቁን ሰምተን አናውቅም ነበር። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የመጀመሪያው እሑድ በትሪው አለፈ፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አዴ ኩሌ ለጠየቃቸው ሁሉ "ተፈራ እየሠራው ነው፣ እንጠብቃለን" ይሉ ነበር። ሲያዝንለት የከረመው ጉባኤ አሁን ይጠብቀው ጀመር።

በመጨረሻው እሑድ አባቴ በምርኩዝ ተደግፎ ከቤት ወጣ፤ እናቴ መቆሚያውን በነጠላዋ ሸፍና ከጎኑ ሄደች። አዴ ኩሌ አራቱንም ሻማዎች ሰክተው አበሩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው በጉባኤው ፊት፣ በዚያ ጎላ ባለ ድምፃቸው "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑት። አባቴ አንገቱን አልደፋም። ከገና በኋላ በርጩማና አግዳሚ እየሠራ መሸጥ ጀመረ፤ እኛም በዚያ አደግን።

አዴ ኩሌ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ለቅሶአቸው ላይ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ "ከእኔ መዝሙር ጠይቀው ነበር" አሉ። በእርዳታ የምትኖር ሴት ደግሞ "ከእኔ የጎመን ዘር" አለች። ይህን ሲናገሩ ሁለቱም ቀና ብለው ነበር።

ዘንድሮ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ክፍል የተከራየች ጫልቱ የምትባል ሴት አለች፤ ከመንደሯ ተፈናቅላ የመጣች ናት። ዱቄትና ዘይት ስወስድላት በሁለት እጇ ትቀበለኛለች፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አታነሳም። ትናንት ልጄን ይዤ ሄድኩ።

"ጫልቱ፣ ለገና የልጄን ፀጉር ትሠሪልኛለሽ? እኔ አልችልበትም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የልጄን ፀጉር በጣቶቿ ከፈል ከፈል አደረገችው።

"ማነው እንዲህ ያበላሸባት?"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ማበጠሪያዋን አነሳች። "አንቺም ቁጭ በዪ" አለችኝ፤ "ቶሎ የሚያልቅ እንዳይመስልሽ።"