አንበሳው ሞክሼዬ

ሱዳን፣ መፋዛ ውስጥ ሰሊጥ ስናጭድ፣ አሠሪያችን ሐጅ ኢድሪስ ሰው በተሰበሰበበት «ያ ካሳ፣ ስምህ በናንተ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። እናቴ ካሳ ያለችኝ ታላቄን ቀብራ በዓመቱ ስለወለደችኝ ነው። የሙት ምትክ ነኝ ማለት ከልጅነቴ ያሳፍረኛል። እናም «አንበሳ ማለት ነው» ብያቸው አረፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሚስታቸው ወንድ ልጅ ወለዱና ለስም ማውጫው ድግስ ጠሩኝ። የእርዳቸውን ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቁ ለብቻዬ ተምርና ሻይ አስቀርበውልኛል። ተምሩን እንደጎረስኩ ሐጁ ሕፃኑን አምጥተው አስታቀፉኝ።

«ሞክሼህን ያዝ! ካሳ ብለነዋል!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ተምሩን ሳላኝክ ዋጥኩት።

«ምነው በኔ ስም?» አልኩ እንደምንም።

የሐጁ ሚስት መለሱልኝ። «ልጄ፣ የዚህ ታላቅ አምና ሞተብን። ዘመድ ሁሉ ‹ዓወድ በሉት› አለ። ዓወድ በኛ የሞተው ምትክ ማለት ነው። ልጄን በጠራሁት ቁጥር መቃብር አይታየኝም ብዬ እምቢ አልኩ። አላህ ይስጥህ፣ ከዚያ ስም ያወጣኸኝ አንተ ነህ» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ላብ ጀርባዬን አጥቦታል። ሕፃኑን ከፍ አደረግኩና፣

«አንበሳዬ!» አልኩት።