በመዝሙር የተሠራው ግድግዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ብዙ ነገር ቶሎ እረሳለሁ፤ ይህን ግን መርሳት አቃተኝ። ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሶዶ ውስጥ መምህርት ነኝ። ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው አባቴ በሠራው የጭቃ ቤት ነበር። ያን ሰሞን ዝናብ ሲወርድ አድሮ የጓሮው ግድግዳ ተናደ። የእናቴ መኝታ በዚያ በኩል ነው፤ እግዚአብሔር ሲያተርፋት ሳሎን ተኝታ ነበር።

በማግስቱ የጥገና ፈቃድ ልጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ካርታዬን አየና፣ "እህቴ፣ እዚህ ሰፈር በጭቃ መሥራት አይፈቀድም። ፕላኑ ጂ ፕላስ ዋን ነው የሚለው" አለኝ።

"የወደቀብኝ አንድ ግድግዳ ነው፤ ፎቅ ምን አደርጋለሁ?"

"ዲዛይን አሠሪና ነይ።"

ዲዛይን የሚሠራ ሰው ዋጋውን ሲነግረኝ ከንዴቴ የተነሳ ሳቄ መጣ። ሲሚንቶና ብረትማ አይነሳ። በመምህር ደመወዝ ፎቅ!

ከሶዶ ወጣ ብሎ ቢጠና የሚኖረው አጎቴ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። "ዘመድ እያለሽ ለአንድ ግድግዳ ታለቅሻለሽ?" አለኝ በስልክ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው ብለን ተማከርን። በጠዋት እንጨትና ጭድ አስጭኖ፣ አሥራ ምናምን ዘመድ አስከትሎ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ድምፅ እንዳያሰሙ።

እሺ አሉኝ። ግን የእኛ ሰው ተሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ ዝም ማለት አይችልም። መጀመሪያ አክስቴ በለሆሳስ አዜመች። አጎቴ ተቀበላት። ምርጊቱ ወገብ ሲደርስ መዝሙሩ ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። "ኧረ ቀስ!" ብል ማን ይስማኝ? ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ ጭቃ አቀበለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዘመርኩ።

ምርጊቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለት ደንብ አስከባሪዎች በሩ ላይ ቆሙ። ቅዳሜም ይሠራሉ ለካ! ዝማሬውን ሰምተው ያለ ፈቃድ ጸሎት ቤት የተከፈተ መስሏቸው ነው የመጡት። ያገኙት ግን እርጥብ ግድግዳ ነው።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ካላፈረስነው የምንጠየቀው እኛ ነን" አላት አንደኛው እናቴን።

እናቴ በወላይትኛ፣ "ልጄ፣ ቤቴ እኮ ነው። የት ልደር?" አለችው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ግድግዳው ሄደ።

እንጨቱን እየነቀሉ ጣሉት። ዘመዶቼ ጭቃ የለበሰ እጃቸውን ይዘው ቆመው አዩ። ጀርባው የተከፈተ ቤት ውስጥ አሮጊት ማሳደር አይቻልምና፣ አጎቴ እናቴን ይዟት ወደ ቢጠና ተመለሰ።

ደንቡ ለከተማው ውበት ነው ይሉኛል። ውበት አልጠላሁም። ግን አቅም የሌለው ሰው የወደቀበትን እንዴት ያንሳ? ይህን የሚመልስልኝ ቢሮ አላገኘሁም። እኔና ልጆቼ አሁን ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ያውም ከእኛው የባሰ የተሰነጠቀ። ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ እኔም ለሱ በየወሩ እከፍላለሁ።

እናቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። "ግድግዳው ተሠራ?" ትለኛለች። "ፈቃድ እየጠበቅን ነው፣ እማዬ" እላታለሁ። የሚጠበቅ ፈቃድ እንደሌለ የምነግርበት አንጀት አጣሁ። በስተርጅና የራሷ ቤት እያላት እንግዳ አደረግናት፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።