ግራ ጆሮዬና የቻይና ሳንቲሞች

ግራ ጆሮዬን ያሳጣችኝ የአባቴ እህት ዘይነብ ናት፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አትላንታ ዳር፣ ዱሉዝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የምኖረውም እሷ ቤት ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ አሁን አልላትም።

ልጅ እያለሁ የምወዳቸው ሽታዎች ነበሩ፤ አዲስ ደብተር፣ ዝናብ ያረሰረሰው ጥድ። ከዚያ ቤት የቀረኝ ግን የነጭ ሽንኩርት ዘይትና የገዛ መግሌ ሽታ ነው። ጆሮዬ ሲመግል ዘይቱን አሙቃ ታንጠባጥብበትና በጥጥ ትደፍነዋለች። ምግብ ሲቀርብ «ወዲያ ፈቀቅ በይ» ትለኛለች።

ዘይነብ መጋዘን አብራት ከምትሠራው ከሚስስ ሊን የጥንት የቻይና ጥንቆላ ተምራለች። ሦስት ሳንቲም ስድስት ጊዜ ይጣላል፤ እንደ አወዳደቁ ስድስት መስመር ይሰመራል፤ መስመሮቹ ምክር አላቸው። እሷ ግን ደሴ እንዳየቻቸው ጠጠር ጣዮች፣ ሳንቲሞቹን በምራቋ እያራሰች እኔን ሳትጠይቅ ስለ እኔ ትጥላለች። የወጣልኝ ውሃው የደረቀ ሐይቅ ነበር፤ የመከራ ጊዜ ምልክት።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ» አልኳት።

«ከሥራ ልቅር? ቻይው ተብለሻል። ደግሞ አንዱ ይበቃሻል፤ በሁለቱም ስትሰሚ አላየሁሽም።»

አንድ ጠዋት ሚስስ ሊን በመኪናዋ ወደ ሥራ ልትወስዳት መጥታ ቢጫውን ጥጥ አየች። ዘይነብ ስለ ሐይቁ በኩራት ነገረቻት።

«ማን ጣለው?» አለች ሚስስ ሊን።

«እኔ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እሺ እስኪለኝ።»

ሚስስ ሊን ፊቷን አጨማደደች። የሚጥለው ጠያቂው ራሱ ነው፣ ያውም አንዴ ብቻ፣ አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ የሐይቁ ምክር፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ቃልሽን የሚያምን የለም፤ ልብሽን ይዘሽ መውጫ ትፈልጊያለሽ እንጂ አትቀመጪም አለችኝ። ሰዓቷን አየችና ዘይነብን ይዛ ሄደች። እሷም ሐኪም ቤት አልወሰደችኝም።

ትምህርት ቤት ስደርስ ለነርሷ ምንም አልነገርኳትም። ጥጡን ከጆሮዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። በዚያው ሳምንት ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ተደረግኩ። መግሉ ቆመ፣ መስማቱ ግን አልተመለሰም። ከሆስፒታል ስወጣ ሮዝዌል ያሉ የእናቴ ዘመዶች ወሰዱኝ።

ዛሬ እኩዮቼ ሲሰባሰቡ፣ በእኛ ጊዜ እኮ አክስት እናት ነበረች ይላሉ። እኔ ግን ልጄ «ማሚ፣ አመመኝ» ካለችኝ በዚያው ቀን እወስዳታለሁ።

ዘይነብ አምና ሞተች። ልጇ ደውሎ ነገረኝ። ለቅሶ አልሄድኩም።