አባቴ ማተቡን የበጠሰበት ዓመት

በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያዬን ሲመታ ዛሬም ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። መካነ ሰላም ከተማ መሀል፣ በሲሚንቶ በተለሰነ ቤት ውስጥ እየኖርኩ፣ የሚያወድምብኝ አንድ ማሳ እንኳ ሳይኖረኝ፣ ድምፁ ገና ሲጀምር ደጃፉ ላይ ቆሜ ሰማዩ ላይ አፈጣለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ያላዩትን እኔ አይቻለሁ፣ ያየሁትንም አንድ ሳልጥል ይዣለሁ። ከወግዲ እስከ አጅባር እንደ እኔ የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንወዳደር። ፊደልን እንኳ ማንም ሳያስቆጥረኝ፣ ሰው ሲያነብ ከጀርባው እያየሁ ለይቼ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ።

ያ በረዶ የወረደው በመስከረም ነበር። ቤታችን ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ፣ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር። አባቴ በዚያ ክረምት ገብሱ ካማረለት ለሚካኤል ጥላ ሊያገባ ተስሎ፣ ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር እየቆመ፣ ዛላውን በመዳፉ እያሻሸ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። በረዶው ከሰዓት በኋላ መጣና የእኛን ገብስ ከአፈሩ ጋር ደባልቆ፣ ድንበራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። የጎረቤታችን የአያ ይማም ማሳ ምንም አልሆነም። አያ ይማም የመንደሩን ልጆች ቁርኣን የሚያቀሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ በማግስቱ መጥተው ከአባቴ ጎን ቁጢጥ አሉና፣ «አያ ደምሴ፣ የእኔ ተርፎ የእርስዎ ሲጠፋ ከማይ፣ ወላሂ፣ እኔ ላይ ቢወርድ ይሻለኝ ነበር። ያለውን አብረን እንበላዋለን» አሉት።

በኅዳር ትንሿ እህቴ ጥሩወርቅ በትኩሳት ተያዘች። አባቴ ጠበል ሊያመጣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ግንባሯን ዳስሶ እንደገና ይወጣል፤ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር፤ እኔም ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ተከትዬው እሮጥ ነበር። ጥሩወርቅ ሞተች። ከቀብር ተመልሰን፣ ለቀስተኛው ገና እንደተቀመጠ፣ አባቴ ከክርስትናው ጀምሮ አንገቱ ላይ የነበረውን ጥቁር ክር በጣቱ ጠቅልሎ በጠሰውና ምድጃው አጠገብ ወረወረው። የነፍስ አባታችን ቄስ ደንግጠው ሲነሱ፣ «ይቀመጡ አባ፤ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከጌታዎ ጋር ነው» አላቸው።

ማተብ መበጠስ በእኛ አገር ቀላል ነገር አልነበረም። ማተብ የሌለው ሰው ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም ነበር፤ በዚያው ሁኔታ ቢሞትም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም፣ ስለዚህ አባቴ ከጥሩወርቅ ጎን አይተኛም። እናቴን የሚያስጨንቃት ይህ ነበር፤ እኔንም እንዲሁ። በጋውን ሙሉ፣ አባቴ ከበራችን ሲገባና ሲወጣ ዓይኔ አንገቱ ላይ ነበር፤ ባዶ መሆኑን አይቼ ፊቴን አዞራለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እንደገና አያለሁ።

ደፍረው የተናገሩት አያ ይማም ብቻ ነበሩ። «ሥራዎን አዩት?» አሉት አንድ ቀን ከሰው አውድማ ሲመለስ አግኝተውት፤ «ከእንግዲህ ቢያርዱ እኛ አንበላ፣ የእርስዎ ሰዎች አይበሉ፤ እንግዳዎ ጅብ ብቻ ሊሆን ነው!» አባቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ዐቢይ ጾም ገባ። አባቴ እንደማይጾም ነገረን፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት መግደፊያው ከየት ይምጣ? ላማችን ነጥፋለች፣ ቤት ያለው አያ ይማም ያካፈሉን ገብስና ትንሽ ባቄላ ነው። ጠዋት እኛ አፋችንን ይዘን ስንቀመጥ እሱ ቆሎውን በቁጣ ይቆረጥም ነበር፤ ቆሎው ግን ያው የጾም ቆሎ ነው። በመጨረሻ ታከተውና ቅል አንጠልጥሎ አያ ይማም ቤት ሄደ፤ እኔም ኋላ ኋላው ነበርኩ።

«ላሞችዎ ይታለባሉ?» አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ይታለባሉ።»

«እንግዲያ ቅሌ ይኸው።»

«ፋሲካ ሲደርስ ሞልቼ እሰጥዎታለሁ። ዛሬ ግን አልሰጥም።»

«እኔ ጾም ትቻለሁ እኮ!»

«እኔ አልተውኩልዎትም» አሉ አያ ይማም። «ነገ ከአምላክዎ ጋር ሲታረቁ ‹ይማም ነው ያስገደፈኝ› ይሉኛል። ወላሂ አላደርገውም! ይሂዱ ወደ ቤትዎ።»

አባቴ ሙስሊም ጎረቤቱ ጾሙን ሲጠብቁለት በንዴት ቅሉን እያወዛወዘ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ደጋግሞ እየቆመ መልስ የሚሰጣቸው ይመስል ወደ ኋላው ይዞር ነበር።

ለፋሲካ አንድ በግ ነበረን። አጎቴ ልረድላችሁ ብሎ ቢመጣ እናቴ፣ «አባወራው ቤት ውስጥ ቆሞ ሌላ ሰው በደጄ አያርድም፤ እሱ ማተቡን እስኪያስር በጉ ይቆያል» ብላ መለሰችው። በፋሲካ ቀን መንደሩ ሁሉ ሥጋ ሲጠብስ የእኛ በግ ሣር ይግጥ ነበር፤ እናቴም ያን ሁሉ ቀን ለጾምነው ልጆች ሽሮ አቀረበች። እኔ እንባዬን ከሽሮው ጋር ዋጥኩት፤ ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ችግር ሁሉ ሳልንበረከክ ያለፍኩት ያን ሽሮ የዋጥኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

አባቴ አልተቀመጠም። ይወጣል፣ በጉን ያያል፣ ይገባል፣ እኛን ያያል፣ ይወጣል። ኋላ እናቴ ፊት ቆመ።

«አንቺን ምንም አልነካሽም እንዴ? ልጅቷ ያንቺም አይደለችም? ይኸው ሚካኤልን ስትሳለሚ ትውያለሽ!»

እናቴ መሶቡን ከደነች።

«ያልነካኝ መሰለህ?» አለችው። «እኔም ተጣልቼዋለሁ። እኔ ግን ደጁ ሄጄ እነግረዋለሁ እንጂ እንዳንተ አኩርፌ ቤት አልተቀመጥኩም። ልጄ ያለችው እዚያ ነው፤ የት ሄጄ ልጩህ?»

አባቴ ጋቢውን አንስቶ ወጣ፤ ከቀብሩ ወዲህ ረግጦት ወደማያውቀው ቅጥር ሽቅብ ሲወጣ እኔም እያለከለክኩ ተከተልኩት። የጥሩወርቅ መቃብር ራስጌ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ገብሱ፣ ስለ ስለቱ፣ ስለ ልጅቷ፣ ባላጋራውን ችሎት ላይ እንዳገኘ ሰው ይናገር ጀመር። እኔ ሰማዩ ይወድቅብናል ብዬ ከግንቡ ተለጠፍኩ። ምንም አልወደቀም። ቄሱ ከዕቃ ቤት ወጥተው ቢሰሙትም አላስቆሙትም፤ እስኪጨርስ ጠብቀው ቀረቡና፣ «ይኸው ጸለይክ» አሉት።

አባቴ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ንስሐ ገብቶ ማተቡን ያሰረው፣ በጉንም ያረደው በማግስቱ ነበር፤ አያ ይማምም ወተቱን ሞልተው መጥተው፣ «እንኳን አደረሰዎ!» አሉት።

ከዚያ በፊት አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ግብር እንደሚከፍል ሰው ነበር፤ ከፍሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ዘግይቶ እንደገና ስንጎዳ ግን ማተቡን አልነካውም፤ እየተነጫነጨም ቢሆን ወደ ሚካኤል ይወጣ ነበር። ልጅ የሞተበት ሰው ሲኖር መንደሩ ከቄሱ ጋር እሱንም ይጠራ ጀመር፤ ሄዶም አይሰብክም፣ ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጦ ጩኸቱን ያዳምጥ ነበር። ከአያቶቹ የወረሰውን እምነት በረዶው ወሰደው፤ ከበረዶው በኋላ ያገኘውን ግን እስኪሞት የነጠቀው የለም። ዛሬ ከጥሩወርቅ ጎን ተኝቷል።

አሁን ዕረፍት የነሳኝ ሌላ ነው። የልጅ ልጄ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማተቧንም ስትሄድ አውልቃዋለች። በቅርቡ ደውላ፣ «አባባ፣ መጸለይ አቃተኝ። የሚሰማኝ የለም» አለችኝ። እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ የተማሩ ሰዎች ተከራክረውኝ ረትተውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ክፍሌን ስዞረው ቆየሁ። አባቴ ቢከፋው ተነስቶ የሚሄድበት ደጅ ከራስጌው ነበረው፣ ጎረቤትም ነበረው፤ እሷ ግን በሩ ከውጭ ተቆልፎባታል።

«እንግዲያ ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ ደጁ አደርስልሻለሁ» አልኳት። እያለቀሰችም እየተቆጣችም ነገረችኝ።

በማግስቱ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ በምርኩዜ ተደግፌ በሩ ላይ ቆምኩና ያለችውን ሁሉ እንዳለችው ተናገርኩ። እኔ የሰው ንግግር ሳላርም የማልፍ ሰው አይደለሁም፤ የእሷን ግን አንድም ቃል አላረምኩም።