እናቴ ያለችበት የሠርግ ካሴት

የባለቤቴ እኅት ልጅ ባለፈው ሳምንት በስልኬ ቪዲዮ ላከችልኝ። ከላዩ «የድሮ ድሬ ሠርግ፤ አይቶ የማይስቅ የለም» ብላ ጽፋበታለች። የወላጆቿን የሠርግ ካሴት አስገልብጣ ኢንተርኔት ላይ ለቃው ኖሯል። ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው ብላ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ገና ድንኳኑን ሳየው ፊቴ ጋለ። ያ ካሴት ምን እንደያዘ አውቃለሁ። መሐሉ ላይ እናቴ ሥጋ ስትሰርቅ ትታያለች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቪዲዮ ገና ብርቅ ነበር። ባለቤቴ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ባቡር ላይ የሠሩ። እኅቱ ስታገባ የአጎታቸው ልጅ ከጅቡቲ ካሜራ ይዞ በባቡር መጣ። ያን የሚያህል ነገር ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲዞር ሙሽሮቹን የሚያይ ጠፋ፤ እንግዳው ሁሉ የሚያየው እሱን ነበር። ሴቶቹ ካሜራው ወደ እነሱ ሲዞር ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ጨርሶ ያላየችው እናቴ ብቻ ነበረች። የእሷ ዓይን ሥጋው ላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ገብቷል ይባል ነበር። ያስባልነው እኛ ነን። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲወጣ እናቴ ቀበሌ ሄዳ «ጥሎኝ ጠፋ» ብላ አለቀሰች፤ ከራሽን ካርዷም ላይ አሰረዘችው። ልጁ ግን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካለው ቤቷ ንቅንቅ አላለም። ጓዳ ይውላል፤ በር ሲንኳኳ የኮርኒሱን አቡጀዲ ገለጥ አድርጎ ቆርቆሮው ሥር ይገባል። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ሥር መጋደም ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። የሰፈሩ ልጆች በጭነት መኪና ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ሲወሰዱ አይተናል። ከሁርሶ ወደ ሰሜን ሄደው ደብዳቤያቸው ሲቋረጥ እናቶቻቸው የሆኑትንም አይተናል።

በአንድ ሰው ራሽን ሁለት ሰው ሲበላ ይኸው ነው፤ እናቴም ከሳች፣ ወንድሜም ከሳ። እኔም ከባለቤቴ ጋር ከምንኖርበት ከአማቴ ቤት አንድ ዳቦ ሳላስነቃ ማውጣት አልችልም፤ አማቴ የሞሰቡን ውስጥ በዓይኗ የምትመዝን ሴት ነበረች።

ሠርግ ቤት ደግሞ ልጅ ያላት እናት ስትነሣ ይቋጠርላታል። «ለልጆች» ተብሎ ጥብሱም ዳቦውም ተጠቅልሎ እጇ ላይ ይደረጋል፤ ምንም ነውር የለውም። ነውሩ ቤት የሚጠብቅ ልጅ ሳይኖር ይዞ መሄድ ነው። እናቴ ደግሞ በሰው ዘንድ ልጅ የላትም፤ አንዷን ድራለች፣ አንዱ ጠፍቶባታል። ስለዚህ ማንም አልቋጠረላትም፤ ቋጥሩልኝም ማለት አትችልም። ግራ ቀኟን አየችና ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ ጥቁር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኋላዋን አላየችም። ካሜራው ከኋላዋ ነበር።

ካሴቱ የታየው ከሠርጉ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በአማቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ማጫወቻውን መጋላ ገበያ ካለ አንድ ነጋዴ ለምነን ነው ያመጣነው። ሰውየው ዕቃውን አላምን ብሎ ራሱም አብሮ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። «ወላሂ፣ ከእኔ በቀር ቁልፉን የሚነካ የለም፣ አቦ!» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል፤ ምንጣፉም ደጃፉም ሞልቷል። ዋናው ወንበር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጧል። እናቴ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

ሰው ራሱን ባየ ቁጥር ይጮኻል። «ያቻትና እኔ!» «አፍህን ዝጋ እንጂ፣ ምነው?» ሳቁ ሳይበርድ የእናቴ ጀርባ መጣ። ቀጥሎ እጇ፣ ሥጋው፣ ቦርሳው። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«መልሰው! መልሰው!» አሉ።

ነጋዴው መለሰው። ካሴቱ ወደ ኋላ ሲሄድ እናቴ ሥጋውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሳህኑ ላይ ትመልሳለች። እዚያ ላይ ቢያቆመው ብዬ ተመኘሁ። ደግሞ ለቀቀው፣ ደግሞ ከተተችው። ሳቁ ባሰ። ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ ወደ በሩ ዞረ።

«እንዴ እትዬ፣ ብቻዎን አይደለም እንዴ የሚኖሩት? ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

በጨዋታ ነው የጠየቀው። ግን የሚሰማው መልስ ካላማረው ጨዋታው እዚያው እንደሚያበቃና በማግስቱ የእናቴ ጓዳ እንደሚፈተሽ አውቅ ነበር። እናቴ ተነሣች። ሰው እየረገጠች እስከ መሐል መጣችና ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሳምቡሳ በእፍኟ ዘገነች።

«ለማን ይሆናል? ለዚህ ሆዴ ነዋ! ድግስ ቤት ገብቼ ባዶ እጄን ወጥቼ አላውቅም፤ ልማዴ ነው።» ቦርሳዋን በሰው ፊት ከፈተችና ሳምቡሳውን ጨመረችው። «ዛሬስ ካሜራ የለም እንዴ? አንሡኝ እንጂ!»

ሊቀመንበሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከራሱ ሳህን አንድ ሳምቡሳ አንሥቶ ጨመረላት። «አቦ፣ እትዬን አታስርቧቸው!» አለ። ተረፍን። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ፤ መሳቅ ነበረብኝ። አማቴ ግን አልሳቀችም። እናቴን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ፣ እንዲህ ካለ ቤት ነው ለካ ያመጣናት እንደማለት።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰዓት ወንድሜን አላሰብኩም። አማቴን ነው ያሰብኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ልጇን ከሞት እየመለሰች እኔ በእናቴ አፈርኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እትዬ ቦርሳ» ሆነ። ካሴቱ ከቤት ቤት ዞረ፤ የሕንድ ፊልም እንኳ እንደሱ አልተፈለገም። አንዴ ሆዳም ነኝ ብላለችና ሆዳም ሆና መቀጠል ነበረባት። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ቦርሳዋን ከፍታ «ጨምሩልኝ» እያለች ታስቃለች። ወንድሜ ሰውነቱ ትንሽ ሞላ። አማቴ ግን እናቴ ስትመጣ ስኳሩን ትቆልፍ ጀመር፤ እኔም ሰው ስጠራ እናቴን ለመጥራት እግሬ ይከብደኝ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ወንድሜ ከጅቡቲ እንደተመለሰ ሆኖ ወጣ። እናቴን «አሁንማ እንናገር፤ ስምሽ ይጥራ» አልኳት።

«ለማን ነው የምንናገረው?» አለችኝ። «ጎረቤቶቼ ልጆቻቸው ቀርተውባቸዋል። እኔ የኔን ጓዳ ደብቄ አተረፍኩት ልበላቸው? በምን ፊቴ? ሆዳም ብባል ይሻለኛል። ለእሱም እንዳትነግሪው።»

በስሟ አስማለችኝ። ወንድሜም «እትዬ ቦርሳ» መባሏ ከምን እንደመጣ ሳያውቅ በስሟ ያፍር ጀመር። አርጅታ እንኳ ልቅሶ ቤት ቦርሳዋን ስትይዝ «እባክሽ እማዬ፣ ዛሬን እንኳ ተዪው፤ ምን አጎደልኩብሽ?» ይላት ነበር። እሷ «የአሮጊት ልማድ ነው፤ አትፍረድብኝ» ትለዋለች። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ዝም እላለሁ። «እትዬ ቦርሳ» እንደተባለች ሞተች።

ትናንት ስልኬን ይዤ ወደ እሱ ሄድኩ። አሁንም የሚኖረው እዚያው ቤት ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ከሌላ ሰው እጅ ከሚያየው ብዬ አጠገቡ ተቀምጬ ከፈትኩለት። የእናታችን ጀርባ ሲመጣ ፈገግ አለ። እጇ ወደ ሥጋው ሲሄድ ፈገግታው ጠፋ። የማን ሠርግ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወደ ጓዳው በር አየ።

«መልሺው» አለኝ።

በጣቴ ወደ ኋላ ጎተትኩት። እናቴ ሥጋውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሳህኑ ላይ መለሰች። ስለቅቀው መልሳ ጠቀለለችና ከተተችው።

ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ጭኑ ላይ ደፋው።

«ቋጠሩልኝ ነበር እኮ ያለችኝ» አለ።