አሜን ያሰኘኋት ልጅ

የታሰርኩበት ክፍል እስር ቤት ከመሆኑ በፊት የስንዴ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዝ ብናኝ ነው፤ አስነጠሰኝ። «ይማርሽ» አለኝ ወታደሩ፣ ወደ ውስጥ ገፍትሮኝ ሲዘጋ።

በአንዲት እህት ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ ነው ጎባ ላይ የደረሱብን። ወንዶቹን ወዴት እንደወሰዷቸው አላውቅም፤ እኔን ወደ ሮቤ አወረዱኝ። ግራ እጅሽን አንስተሽ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» በይ አሉኝ። ከሁሉም በላይ የማደርገው ሌላ አለኝና እምቢ አልኩ።

«ቃል እኮ ነው» አለኝ መርማሪው፣ የሚመክረኝ በሚመስል ድምፅ። «አፍሽ ይበለው። ልብሽን ማን አየብሽ?»

ልቤ ያላመነበትን አፌ አይልም ብዬ መለስኩለት። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በተረከዜ ነው የሄድኩት።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ የተያዙ የጎሮ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን፣ ጠባቂ ስለወሰደባቸው ዚክራቸውን በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። አዴ እላቸው ነበር፤ እዚያ አገር እናትን እንደሚሉት። ሁለተኛዋ ከሶፍ ዑመር በኩል የመጣች፣ ለሽፍቶች ስንቅ አቀበልሽ የተባለች ልጅ ናት። አሥራ ስምንት ቢሞላት ነው። አማርኛ ስለማትችል በኦሮምኛ ነበር የምናወራው።

እስር ቤቱ ምግብ አይሰጥም፤ የሚበላው ከቤት የመጣለት ነው። ለአዴ በጎሮ ገበያ ማግስት ይመጣላቸዋል፤ ሳምንቱን ግን አያደርስም። ለእኔ የጎባ ምእመናን ጭኮ ይልኩልኛል፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ቢሰነብት የማይበላሽ። ለልጅቷ የሚመጣላት አልነበረም።

ከጭኮዬ እየቆረስኩ እሰጣት ጀመር። ከመብላታችን በፊት እጸልያለሁ፤ መጀመሪያ ለራሴ በሹክሹክታ፣ ኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ኋላም እንድትሰማኝ በኦሮምኛ። ከዚያ ስለ ኢየሱስ እነግራታለሁ። ስነግራት ጭኮው በእጄ ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ አንድ ቀን አዴ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ አብያት፣ ወሬሽን በኋላ ታወሪያለሽ። የራበው ሰው ጆሮ የለውም።»

«የምነግራት የሕይወትን ቃል ነው፣ አዴ።»

«ታዲያ ለእኔ ምነው አትነግሪኝም? የራሴ ስንቅ ስላለኝ ነው?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አዴም የሳቁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ የንስሐውን ጸሎት ቃል በቃል ተከትላኝ ደገመች፤ መጨረሻ ላይም «አሜን» አለች። አለቀስኩ። ደብቄ በያዝኳት የእርሳስ ቁራጭ የሲጋራ ወረቀት ላይ «ከሶፍ ዑመር የመጣችው እህት ጌታን ተቀብላለችና ጸልዩላት» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ወደ ጎባ ከሚመለሰው ባዶ ቅርጫት ስር ሰካሁት። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም ስም አብሮ እንዲነሳ ፈልጌ ነበር።

በዚያው ቀን የልጅቷ አጎት ዋስ ሊሆኗት ከሩቅ መጥተው ነበር። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ከጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተውላቸዋል። ጠባቂው አጠገባቸው ቅርጫቱን ሲፈትሽ ወረቀቷን አገኘ። ጮክ ብሎ አነበባት።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባባ! ልጅዎ ጰንጤ ሆናለች!»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከዋስትናው ወረቀት በላይ እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ቀለሙን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወጡ።

ልጅቷን ጠየቅኳት። «አምነሽ አልነበረም እንዴ?»

«አበላሽኝ» አለች። «እምቢ ብልሽ ታዝኛለሽ። ምን ላድርግ? አፌ ነው ያለው።»

አዴ አንገታቸውን እንደደፉ «እነሱ አንቺን በዱላ፤ አንቺ እሷን በጭኮ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ከእጄ አልበላችም። ድርሻዋን ሳስቀምጥላት ትቀበለኝና ወደ ጎን ታደርገዋለች። አዴ የራሳቸውን ያካፍሏታል። ሲያልቅ ሁለቱም ጦማቸውን ይውላሉ፤ የእኔ ቅርጫት እዚያው ተቀምጦ።

አዴ በጠያቂዎቻቸው በኩል ወደ አጎትየው ላኩባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። እኔም ቅርጫቴን እንድቀበል ተጠርቼ ስለነበር በተረከዜ እየተራመድኩ አጠገባቸው ደረስኩ።

«አባቴ፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅዎ ሃይማኖቷን አልለወጠችም። ርቧት ነበር፤ ያልኳትን የደገመችው ስላበላኋት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቅርጫቱን ያመጣችልኝ የጎባ እህት ከጎኔ ቆማ ትሰማለች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት።

«በምን ልመንሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ማዪልኝ።»

«አልምልም። እምነቴ አይፈቅድልኝም።»

ያ ወረቀቴን ያነበበው ጠባቂ ሳቀ። «ይቺንስ ይመኗት፣ አባባ። አንዲት ቃል በይ ብለናት እምቢ ብላ ነው እዚህ ያለችው። እግሯን ይዩት።»

እግሬን አዩ። ወደ ጠረጴዛው ሄዱና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ።

ልጅቷ ስትወጣ የአዴን ጉልበት ሳመች። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር መኝታዬ ላይ አስቀመጠች። ስፈታው በዚያ ሳምንት ያስቀመጥኩላት ጭኮ ነው፤ አንዱም አልተገመጠም።

ከጎባ ቅርጫት መምጣቱ በዚያው ቀረ። ክርስቶስን በአደባባይ አስካደች፣ ለእስላም መሰከረች ተብሎ ነው፤ በኋላ ሰማሁ። ወገኖቼን አልወቅስም እላለሁ፤ ሳልወቅሳቸው የዋልኩበት ቀን ግን ጥቂት ነው። እስክፈታ ድረስ ያበሉኝ አዴ ናቸው። ሲቆርሱልኝ ለራሳቸው «ቢስሚላሂ» ይላሉ። እኔን ምንም በይ አላሉኝም።

አሁን የምኖረው ከባሌ እጅግ በራቀ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለስደተኞች ሾርባ ታድላለች፤ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ሳህን ጋር ትራክት የሚሉትን የስብከት ወረቀት እንድሰጥ ታዝዣለሁ።

«መመስከር የጌታ ትእዛዝ ነው እኮ፣ እትዬ» ይለኛል የአገልግሎቱ ኃላፊ።

ትእዛዝ መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ሰው በልቶ ሲጠግብና ተነስቶ መሄድ ሲችል፣ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። ትራክቱን ግን ከመውጫው በር አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ የፈለገ ያንሳው። ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ ተገሥጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሳህኑን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም። ፊት ፊቴን ታያለች፤ በምትኩ ምን በይ ልትለኝ ይሆን ብላ የምትጠብቅ ትመስላለች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላትና ማንኪያ ላመጣላት ዞር አልኩ።